ዋጋ የሌለው ድረ ገጽ

«ወጣቶችን እንሳብ» ተብሎ የአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ድረ ገጽ ሊታደስ ሲታሰብ፣ ስብሰባው ላይ የሚነሳውን ሐሳብ ቁጭ ብሎ መገመት ይቻላል። ቀለሙ ይድመቅ። የሚስቁ ወጣቶች ፎቶ ይግባበት። ገና ሲከፈት ቪዲዮ ይጀምር። አንዱ ደግሞ «እርስዎ» ማለቱ ይቅርና እንደ ጓደኛ እናውራቸው ይላል። በጀት ይጸድቃል፣ ዲዛይነር ይቀጠራል፣ ከወራት በኋላ ያማረ ገጽ ይወጣል። የአገልግሎቱ ዋጋ ግን አሁንም የለበትም።

እኔ ብሆን ከዋጋው እጀምር ነበር። ጽዳት በሉት ጥገና፣ ኢንሹራንስ በሉት የጥርስ ሕክምና፣ አገልግሎት የሚሸጡ ብዙ ድርጅቶች ዋጋቸውን ገጻቸው ላይ መጻፍ አይወዱም። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሥራው እንደየሁኔታው ይለያያል። ተፎካካሪም ያያል። ስለዚህ «ለዋጋ ይደውሉልን» ብለው ይገላገላሉ። ወጣቱ ግን አይደውልም። ቢደውል አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ቁጥሩን ይዞ ለሳምንት ሲያሳድደው እንደሚከርም ያውቃል። ደግሞም ሌሎች ሦስት ድርጅቶችን ጎን ለጎን ከፍቶ እያወዳደረ ነው። ዋጋ ያልጻፈው ውድድሩ ውስጥ እንኳ አልገባም።

«ቁርጥ ያለ ዋጋ ማስቀመጥ አንችልም» የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም። መነሻ ዋጋ ይጻፍ። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ምን እንደሆነም በሁለት መስመር ይነገር፦ የቤቱ ስፋት፣ የሥራው አጣዳፊነት፣ የዕቃው ዓይነት። ይህን ለመጻፍ ግን ዲዛይነር አይበቃም። ኃላፊዎቹ ራሳቸው ዋጋቸው ላይ መስማማት አለባቸው። እድሳቱ ብዙ ጊዜ ወደ ቀለምና ወደ ፎቶ የሚሸሸው ከዚህኛው ስብሰባ ለማምለጥ ይመስለኛል።

ሌላው ጣጣ ቀጠሮ ነው። አንድ የቀጠሮ ፎርም በስልክ ሲሞላ እንየው። ሙሉ ስም፣ ኢሜይል፣ አድራሻ፣ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?»። ስልክ ቁጥር የሚለው ሳጥን ሲነካ የቁጥር ኪቦርድ መምጣት ሲገባው የፊደሉ ይመጣል። የትውልድ ዓመት ለመምረጥ ከዘንድሮ ጀምሮ ወደ ታች እየጎተቱ መውረድ ነው። «ላክ» የሚለው በተን ኪቦርዱ ሥር ተደብቋል። እንደምንም ሲላክ «ስህተት አለ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም፤ የተሞላው ሁሉ ግን ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ችሎ ደግሞ የሞላ ሰው «በሥራ ሰዓት እንደውልልዎታለን» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ዞሮ ዞሮ ያው ስልክ!

ክፍት የሆኑትን ሰዓቶች አሳይቶ አንዱን ማስመረጥ፣ መሰረዙንና መቀየሩንም እዚያው መፍቀድ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ወጣት ይስባል። ማታ አራት ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ሆኖ መጨረስ ይችላላ።

«ወጣቶች ቴክኖሎጂ ያውቃሉ፣ ራሳቸው ያገኙታል» የሚሉም አሉ። የድረ ገጾችን አጠቃቀም የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ታዳጊዎች ገጾች ላይ እንዲሠሩ ከተሰጧቸው ሥራዎች የተሳካላቸው 55 በመቶው ብቻ ነበር። የአዋቂዎቹ 66 በመቶ ነበር። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የትዕግሥት ማነስ ነው። ጥናቱ ቆይቷል፤ የዚያን ጊዜ ታዳጊዎች ዛሬ ልጅ አሳዳጊ ሆነዋል። ትዕግሥት ከዚያ ወዲህ ጨምሯል የሚል ሰው ካለ ግን አላጋጠመኝም።

የመክፈቻ ቪዲዮው እዚህ ላይ ጠላት ይሆናል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ ገጹ ለመከፈት ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ በስልክ ከሚደረጉት ጉብኝቶች 53 በመቶው እዚያው ይቋረጣሉ። ጎግል ዛሬ «ጥሩ» የሚለው ደግሞ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። ከላይ እየተሽከረከሩ የሚያልፉት ትልልቅ ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው። የአሜሪካው ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱን ገጽ ቆጥሮ ሲያይ፣ እነሱን የሚጫነው ከጎብኚው 1 በመቶ ገደማ ነበር። በየስብሰባው ግን «የኛ ክፍል ፎቶ ስንተኛ ይሁን?» የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም።

በወጣቶች አነጋገር መጻፉንም ቢተዉት ይሻላል። ዓመት ሳይሞላው ያረጃል፣ ወጣቶቹም ይስቁበታል። አጭርና ግልጽ ጽሑፍ ይበቃል።

ነባሩ ደንበኛስ? የእንግሊዙ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ2014 150 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ አዲስ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ የቆዩ ደንበኞቹን እንደገና ተመዝገቡ አላቸው። ቀጥሎ በነበረው ሩብ ዓመት የኦንላይን ሽያጩ 8.1 በመቶ ወረደ። ድርጅቱ ቸርቻሪ ነው፤ ጉዳዩ ግን አገልግሎት ሰጪውንም ይመለከታል። የዛሬውን ደመወዝ የሚከፍለው የቆየው ደንበኛ ነው። ዋጋ ቢጻፍ፣ ፎርሙ ቢያጥር፣ ገጹ ቶሎ ቢከፈት እሱም ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። የሚከፋው የለመደው ነገር ቦታው ሲጠፋበት ነው። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ሌሊት ከመገልበጥ በየተራ መቀየር ይሻላል።

ለዲዛይነር ከመክፈል በፊት ግን አንድ ነገር ይደረግ። ከኒልሰን ኖርማን ግሩፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጄከብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው፣ 5 ሰዎችን ብቻ እያስሞከሩ ማየት ከገጹ ችግሮች 85 በመቶ ያህሉን ያወጣል። ድርጅቱን የማያውቁ አምስት ወጣቶች ይጠሩ። በራሳቸው ስልክ ዋጋ ፈልገው ቀጠሮ ይያዙ። ሥራ አስኪያጁም አጠገባቸው ይቀመጥ፣ «እሱ እኮ እዚህ ጋ ነው» እንዳይል ግን አስቀድሞ ይነገረው።