«ሜሞሪው ተበላሽቶብን ነው» አትበሉ!

ኧረ በፈጣሪ፣ ይቺ «ሜሞሪው ተበላሽቶብን ነው» የምትባል የሠርግ ፎቶ ቤቶች መልስ እስከ መቼ ናት? ሰው ለሠርጉ ስንት ወር ተጨንቆ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሽማግሌ መርቆ፣ ሁሉም በሰላም ካለፈ በኋላ ፎቶው የለም ይባላል። ሠርግ አይደገምም። ጉልበታቸው የተሳመው አያት ከዚያ ወዲያ ፎቶ ላይነሱ ይችላሉ።

ሜሞሪ፣ ማለትም ፎቶው የሚቀመጥበት የካሜራ ካርድ፣ አይበላሽም አንልም፣ ይበላሻል። ግን በዚህ ሥራ ውሎ ያደረ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ፎቶው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ካሜራው ውስጥ እያለ ሳይሆን ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ነው። ለሌንስ ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው መገልበጡን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለዋለ ረዳት ጥሎ ይተኛል። ረዳቱም ይቸኩላል፣ ይደክመዋል፣ እንዴት እንደሚገለብጥ የነገረውም የለም።

ከሁሉ የሚያናድደው «ከት» ነው። ኮፒ እያለ ለምን ከት? «ሜሞሪውን ባዶ ስለሚያደርግልን» ይላሉ። ከት ማለት እኮ ኮምፒውተሩ ፎቶውን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ከሜሞሪው ላይ ያጠፋዋል ማለት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ «ጨርሻለሁ» ባለበት ሰዓት የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ገና ራም (መብራት ሲጠፋ ባዶ የሚሆነው የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማከማቻ) ላይ ሆነው ዲስኩ ላይ ሳይጻፉ የሚቆዩበት ጊዜ አለ። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢሄድስ? ከሜሞሪው ተሰርዟል፣ ዲስኩ ላይም አልሰፈረም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር፣ የሰው ሠርግ ከት ማድረግ ግፍ ነው! ኮፒ አድርጉ። መብራት ቢጠፋም ሜሞሪው ላይ ያለው እዚያው ይጠብቃችኋል፣ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

ሌላው ችኮላ የሚመጣው ከሪደሩ፣ ሜሞሪውን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው ዕቃ ነው። አሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ሪደር በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት (60 ሜጋባይት) ቢልም በተግባር 30 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያስተላልፈው። 64 ጊጋ ሙሉ ሜሞሪ በዚህ 35 ደቂቃ ይፈጃል። በዩኤስቢ 3.0 ሪደር፣ ሜሞሪው በሰከንድ 90 ሜጋባይት የሚነበብ ከሆነ፣ 12 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ሰው 35 ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሲሰለቸው ነው መንቀል የሚጀምረው። ሪደሩን ደግሞ ከዴስክቶፑ ፊት ሳይሆን ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ሰኩት። የፊቱ በውስጥ ገመድ የሚሄድ ስለሆነ ያ ገመድ ሲላላ መሃል ላይ ይቋረጣል።

«እኛ በካሜራው ገመድ ነው የምንገለብጠው» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ይቻላል፣ ግን ስንት ሰው ነው ካሜራው «አይነብም» ብሎ ጥገና ቤት የሚወስደው! ብዙ ጊዜ ችግሩ ገመዱ ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ ፋይል የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች የሉትም፣ ኃይል የሚሰጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላ ገመድ ሞክሩ። ባትሪውም ሙሉ ይሁን፣ መሃል ላይ ካለቀ ኮፒው ይቆማል። በገመድ የተሰካ ካሜራ ብዙ ጊዜ እንደ ፍላሽ የራሱ ፊደል (E: ወይም F: የሚባለው ዓይነት) ያለው ድራይቭ ሆኖ ስለማይታይ፣ የጠፋ ፎቶ የሚያወጡት ሶፍትዌሮች አያገኙትም። ሪደር ግዙ፣ ገመዱ ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ ፎልደሩ እንግባ፣ ብዙ ሠርግ የተበላው እዚህ ነው። ኒከን «ዲኤስሲ 0001» ብሎ ይጀምርና 9999 ሲደርስ ተመልሶ 0001 ይላል። ካኖንም «አይኤምጂ» ብሎ እንደዚያው ነው። እንግዲህ ሁለት ካሜራማን አንድ ዓይነት ካሜራ ይዘው ወጥተዋል እንበል፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የሴቷ ቤት። የሁለቱም ሜሞሪ አንድ ፎልደር ውስጥ ይገለበጣል። ዊንዶውስ «ተመሳሳይ ስም አለ፣ ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሪፕሌስ» (ተካው) የሚለውን ከተጫናችሁ፣ አለቀ! ተክሊሉ ጠፍቶ በቦታው የጸጉር ሥራ ፎቶ ተቀምጧል፣ ያውም ማንም ሳያውቀው። ለእያንዳንዱ ሜሞሪ የራሱ ፎልደር ይከፈትለት፤ ቀኑ፣ የካሜራማኑ ስም፣ «ሜሞሪ 1»፣ «ሜሞሪ 2» እየተባለ።

ሌላም አለ። ዲሲአይኤም የሚለውን፣ ካሜራው ፎቶ የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ከፍቶ በ100 የሚጀምረውን ብቻ ወስዶ በ101 የሚጀምረውን የሚተው አለ። ሶኒ ካሜራ ላይ ደግሞ ብዙው ቪዲዮ ዲሲአይኤም ውስጥ አይደለም፣ «ፕራይቬት» የሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎቶውን ብቻ ገልብጦ ሜሞሪውን ፎርማት ማድረግ ማለት የሠርጉን ቪዲዮ መጣል ነው። ሳትመርጡ፣ ሜሞሪው ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ገልብጡ።

ሜሞሪ ይዞ በቀጥታ ማተሚያ ቤት መሄድም ይቅር። ያ ኮምፒውተር የስንቱ ፍላሽ ተሰክቶበታል! ሾርትከት ቫይረስ ይገባና ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱም «ፎቶው ጠፋ» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። አልጠፋም እኮ! ሾርትከቱን ሳትነኩ የተደበቀውንም፣ የሲስተም ፋይል የሚባለውንም እንዲያሳይ ዊንዶውስን እዘዙት፣ ፎልደሩ ብቅ ይላል። መጀመሪያውኑ የኤስዲ ሜሞሪው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ብትስቡት አብዛኛው ሪደር ምንም እንዲጻፍበት አይፈቅድም። ያቺ ነገር ለዚህ ነው የተሠራችው። (ስትመለሱ ክፈቷት፣ አለበለዚያ ካሜራው አላነሳም ይላል።)

ዊንዶውስ «ፎርማት ካልተደረገ መጠቀም አይቻልም» ብሎ ሲመጣ ደግሞ እባካችሁ፣ እባካችሁ «ካንስል» በሉ። አስቀድሞ ሌላ ሪደር ሞክሩ። አሁንም ካልተነበበ ሜሞሪውን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ አንድም ፎቶ አታንሱበት። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፎቶው ሳይሆን የፋይሎቹ ዝርዝር ነው። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዝርዝሩን ትቶ ፎቶዎቹን ራሳቸውን ፈልጎ ያወጣል፤ ያወጣውን ግን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ እንጂ እዚያው ሜሞሪ ላይ አትመልሱት።

በርካሽ ስለሚሸጡት «128 ጊጋ» ሜሞሪዎች ደግሞ አንድ ነገር እንበል። አንዳንዱ እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ ሆኖ 128 ነኝ እንዲል የተደረገ ነው። ካሜራው ሳያጉረመርም ይቀበላል፣ ከመጠኑ ያለፈው ፎቶ ግን የትም አይገባም። ሲገለበጥ ስሙ አለ፣ ሲከፈት ባዶ ነው። አዲስ ሜሞሪ ሥራ ላይ ሳይውል «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» በሚባለው ሶፍትዌር እስከ አፉ አስሞሉትና አስነብቡት። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሜሞሪው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ዲስኩም ላይ የገለበጣችሁትን ሁሉ መርጣችሁ «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱ። የፋይሉ ብዛት አንድ መሆን አለበት፣ ባይቱም እስከ መጨረሻው አሃዝ። ከመጨረሻው ወደ ኋላ ጥቂት ፎቶ ከፍታችሁ አጉልታችሁ እዩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛ ዲስክ ገልብጡ። ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው ፎርማት የሚደረገው፣ እሱም በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው።

ሠርግ የምትደግሱ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ ቤቱን ጠይቁ፦ ስንት ሜሞሪ ትይዛላችሁ? ስንት ቦታ ትገለብጣላችሁ? ፎርማት የምታደርጉት መቼ ነው? «በማግስቱ ሌላ ሠርግ ስላለን ወዲያው ነው የምናጠፋው» ካሏችሁ፣ ሌላ ፎቶ ቤት ፈልጉ።