ለጸጥታችን ስንል ያስወጣናቸው እናት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝና ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ጀርባ ላይ ነው።

ጽሞና የምንለማመድ ሰዎች ነን። በሳምንት አንድ ምሽት አሥራ አምስት ያህል ሆነን፣ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ በተከራየነው ክፍል እንቀመጣለን። ጫማችንን እናወልቃለን፣ ስልካችንን እናጠፋለን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ትንፋሻችንን እንከተላለን። አስተማሪያችን ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ረገብ እንደሚል ይነግረናል። እውነቱን ነው፤ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እፎይ ብዬ ነበር ወደ ቤቴ የምገባው።

ከክፍሉ በር ውጭ ረጅም ኮሪደር አለ። እኛ በተቀመጥንበት ሰዓት ኮሪደሩን የሚወለውሉ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አያንስም። ሲወለውሉ ያንጎራጉራሉ። ጮክ ብለው አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ቃሉ አይሰማም፤ ዜማው ብቻ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። መወልወያው ወዲያ ሲሄድ ይረዝማል፣ ወዲህ ሲመለስ ያጥራል። ባልዲው ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አንድ ምሽት ከመሃላችን አንዱ ዓይኑን ገለጠና «እንዲህ ሆኖ እንዴት ነው ሐሳብ የሚሰበሰበው?» አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ለበሩ የምቀርበው እኔ ነበርኩ። «እስቲ አንድ ነገር በላት» ተባልኩ። በላት! እናቱ የሚሆኑትን ሴት ነው።

ተነስቼ ወጣሁ። በካልሲ። ገና የተወለወለውን እርጥብ ወለል ረግጬ ቆምኩና «እዚህ ጸሎት ላይ ነን፤ ዝም ብለሽ ሥሪ» አልኳቸው። አንቺ ብዬ።

ደነገጡ። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደን አደረጉ። «ይቅርታ ልጄ፤ ድምፄ የሚሰማ አልመሰለኝም ነበር» አሉ። ልጄ አሉኝ። መዝሙር ይሁን ዘፈን፣ ምን እያሉ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም። ተመልሼ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። አውራ ጣቱን ያነሳልኝም ነበር። ከዚያ በኋላ መወልወያው ራሱ ወለሉን እየፈራ የሚነካ ይመስል ነበር። እኛ ግን ትንፋሻችንን መከተል ቀጠልን።

በሚቀጥለው ሳምንት አልነበሩም። ለካ ከመሃላችን አንዱ ለሕንፃው ኃላፊዎች ደውሎ ኖሯል። ጥበቃውን ስጠይቀው ወደ ሌሊት ፈረቃ መዛወራቸውን ነገረኝ። ስማቸውንም ነገረኝ። እሱ ያውቃል። እኛ አራት ወር ሙሉ ጫማችንን እሳቸው በወለወሉት ወለል ላይ እየደረደርን አናውቅም። ገብቼ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። «እንኳን ተገላገልን» አለ አንዱ። ከዚያ ዓይናችንን ጨፈንን። እኔም አብሬ ጨፈንኩ።

ይሄን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ምን ነክቶን ነው ግን? ሰላምን እንደ ግል ንብረት ቆጥረን አጥር አጠርንለት እኮ! የተጨነቀ ጓደኛ ሲደውል «ኔጌቲቭ ኢነርጂ» ነው ብለን አናነሳም። የምታለቅስ እህት ብሎክ ትደረጋለች። «ሰላሜን አትንኩብኝ» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። በእርግጥ የሚጎዳ ሰው አለ፤ ከእሱ መራቅ ነውር የለውም። እኔ የምለው ግን ጥፋታቸው መቸገራቸው ወይም መሰማታቸው ብቻ ስለሆኑት ነው።

ዳርሊ እና ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። በፕሪንስተን የሚማሩ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር ታደርጋላችሁ ብለው ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። መንገዱ ላይ እያሳለ የሚያቃስት ሰው እንዲቀመጥ አድርገዋል። የግማሾቹ ንግግር ርዕስ ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ከ40ው ሰውየውን የረዱት 16 ናቸው። በጣም እንዲቸኩሉ ከተደረጉት ውስጥ ደግሞ ከ10 አንዱ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ እየሄዱ የወደቀውን ሰው ተራምደው ያለፉም ነበሩ።

ይህን ታሪክ ለቡድናችን የተረክሁት እኔ ነኝ። ያውም እየሳቅሁ። እነዚያስ ቸኩለው ነው። እኛን ምን አስቸኮለን? ቁጭ ብለን እኮ ነው!

ከጥንቶቹ የግብጽ በረሃ አባቶች አንዱ፣ አባ ጲሜን፣ በጸሎት ሰዓት የሚያንቀላፋ ወንድም ስናይ እንቀስቅሰው ወይ ተብለው ተጠየቁ ይባላል። እኔስ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳርፈዋለሁ አሉ። እኔ ብሆን ኖሮ ያንን ምስኪን ከነምንጣፉ ነበር የማስወጣው።

ባለፈው ሳምንት በሌሊት ሄድኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ያን ዕለት አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ያስታወሱኝ አልመሰለኝም። ወይም ላለማሳፈር ነው። «ምንም አይደል ልጄ» አሉ። ባልዲውን ላንሳልዎ ስላቸው «ተወው፣ ልብስህ ይረጥባል» አሉኝ። ሌሊቱ ይከብድ እንደሆነ ስጠይቃቸው እግራቸውን አይተው ዝም አሉ። ወደ ምሽቱ ፈረቃ መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ወዲያው ቀና አሉ።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። መወልወያው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። ባልዲው ጋ ደረሱ፣ ጨመቁ፣ ቀጠሉ። አላንጎራጎሩም።

ወደ ቀድሞ ሰዓታቸው እንዲመለሱ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከአሥራ አምስታችን እስካሁን የፈረምነው አራት ነን። ትናንት ሦስት ነበርን። ይህን የምታነቡ የቡድናችን ሰዎች ካላችሁ፣ ወረቀቱ ጫማ የምናወልቅበት ቦታ ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ።