«ይሄ ልጅ አይሰማም!»

ግንቦት ላይ ጅማ በቆየሁባቸው 3 ሳምንታት ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት! ቲቸሩ ይላል፣ እህቴ ትላለች፣ ጎረቤት ይላል። የሚባለው የ8 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ነው። ይደባደባል፣ ክፍል ውስጥ ያወራል፣ የቤት ሥራ አይሠራም። በደረስኩ ማግስት ጉልበቱ ተልጦ መጣ፤ ጠጠር ላይ አንበርክከውት ነው። እህቴም «ወላጅ አምጣ» ተብሏል ብላ ደገመችለት።

እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለች እንዲሁ አስቸግራ ነበር፤ እርሳስ ትወረውራለች፣ ትነጫነጫለች። ስጠራ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አስተማሪዋ ግን ስለ ጥፋቷ ብዙም አላወራችም። ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለች? ታንኮራፋለች? ቁርስ በልታ ነው የምትመጣው? ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ? ብላ ጠየቀችኝ። ታንኮራፋ ነበር፤ በአባቷ ወጥታ ነው እያልን እንስቅ ነበር። ለካ ቶንሲሏ አብጦ ሌሊት ትንፋሿ እየተቆራረጠ እንቅልፍ አታገኝም። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይፈዛል፤ ልጅ ግን ይቅበጠበጣል።

እዚያ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው አልልም፤ ልጅ ሲቅበጠበጥ ወደ ክኒን የሚቸኩልም አለ። ግን ይጠየቃል። ጅማ ላይ ያንገበገበኝ ማንም አለመጠየቁ ነው።

እህቴን ጠየቅኋት። ቡናዋን እየቆላች፣ «ጆሮው ድሮም ይመግላል፤ ሲያድግ ይተወዋል አሉኝ» አለች፤ እንደ ቀላል ነገር! ቡናው ወርዶ ቤቱ ጸጥ ሲል ከጀርባው ቆሜ በቀስታ ስሙን ጠራሁት። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ፊት ለፊቱ ስዞር «አቤት አክስቴ!» አለኝ እየሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የሚቀመጠው ኋላ ነው። ቲቸሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር አፉ አይታየውም፤ «ምን አለ?» ብሎ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል፤ «አወራህ» ተብሎ ይመታል። የቤት ሥራው በቃል ስለሚነገር አይደርሰውም። ከኋላው ሲጠሩት ስለማይሰማ ልጆቹ ድንገት ይይዙታል፤ ደንግጦ ይማታል። የጅማ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድብማ ጤነኛ ጆሮም አይሰማ! ከ60 በላይ ልጅ ይዞ በዚያ ጩኸት የሚያስተምር ሰው ድካሙ ይገባኛል። «ደንቆሮ» ብሎ መስደቡ ግን አይገባኝም። ቃሉ ልጁ የታመመበት ቦታ ላይ ነው ያረፈው፤ ሰዳቢውም ተሰዳቢውም አላወቁም።

ከከፋና ከኢሉባቦር ድረስ በሽተኛ ተጭኖ የሚመጣበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከእህቴ ቤት በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። እስካሁን ያልወሰዱት ጨክነው አይደለም፤ ረብሻ ሐኪም የሚያየው ነገር ስላልመሰላቸው ነው። ወሰድነው። የቀኝ ጆሮው ታምቡር ተበስቷል፣ የግራውም ደህና አይደለም። የሚንጠባጠብ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ውኃ እንዳይገባበት ተባለ፣ ቀጠሮ ተሰጠው። እህቴ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጉልበቱን እያሻሸች አለቀሰች።

ቲቸሩም ሲነገረው ደንግጦ ወደ ፊት አምጥቶ አስቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ስደውል ግን እህቴ «ዛሬም ተደባደበ» አለችኝ።

«ከየት በኩል ጠርተውት ነው?» አልኳት።