አክተሩን ለሚያውቁ መራጮች

የፓርቲ ፕሮግራም የሚባለውን አሰልቺ ወረቀት ገጽ በገጽ አንብቦ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ካለ እግዚአብሔር ያጽናናው። ማስተዋል የተሰጠው ሕዝብ እንዲህ ያለ ድካም ውስጥ አይገባም፤ ፊልም ያያል፣ አክተሩን ይለያል፣ የቀረውን ለአክተሩ ይተዋል። ይህን ጥበብ እኛም በልጅነታችን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ቀስመነዋል። ፊልሙ ገና ሳይሞቅ «አክተሩ የቱ ነው?» የሚል ድምፅ ከጨለማው ይነሳል፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ አክተሩ ያቃጠለው ቤት የማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ጥይት ሲዘንብ የሚደነግጥ አዲስ ልጅ ካለም «ዝም በል፣ አክተሩ አይሞትም» ተብሎ ይረጋጋል።

የዚህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ግን ያለ ጥርጥር የደቡብ ሕንዷ ታሚል ናዱ ናት። ኤም ጂ አር እየተባለ የሚጠራው ራማቻንድራን (አክተር አንቱ አይባልም) በፊልም ላይ አንዴ ሪክሾ ጎታች፣ አንዴ ገበሬ እየሆነ ለተበደለ ድሃ ሲደርስ ኖረ፤ አይጠጣም፣ አያጨስም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 1967 ታዲያ፣ በፊልም ላይ ክፉ ሰው እየሆነ የሚሠራው ተዋናይ ኤም አር ራዳ ቤቱ ድረስ ሄዶ በሽጉጥ አንገቱን አቆሰለው። ደራሲ ቢጽፈው «አበዛኸው» የሚባል ነገር ነው። በፋሻ የተጠቀለለ አንገቱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በየግድግዳው ተለጠፈና በቀጣዩ ወር በተካሄደው ምርጫ አክተሩ ለማድራስ (ታሚል ናዱ ያኔ የምትጠራው በዚህ ስም ነበር) ምክር ቤት ተመረጠ። ተፎካካሪው ምን ይዞ ይቅረብ? አንገቱ ደህና ነበር።

በ1977 የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር፣ ማለትም የክፍለ ግዛቷ መንግሥት መሪ ሆነ። በ1984 ታምሞ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ «ሰውየው ማስተዳደር ይችላል ወይ?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም ነበር። ጨዋው የታሚል ናዱ መራጭ ግን አክተሩ እንደማይሞት ያውቃልና ቅስቀሳ ሳይወጣ፣ አገሩ እንኳ ሳይኖር ድምፁን ሰጥቶ አሸናፊ አደረገው። በፊልም አንዲት ብርጭቆ ያልቀመሰው ሰው መንግሥት ከአንድ ዓመት በፊት የመጠጥ ጅምላ ንግድ የሚያካሂድ የመንግሥት ኩባንያ ማቋቋሙን ያነሳ ካለ፣ እሱ ፊልም ማየት የማይችል ሰው ነው። ለእውነቱ ከሆነ በ1982 የተማሪዎችን የምሳ ምገባ በሰፊው ያስፋፋው ይኸው መንግሥት ነው፤ ይህ ግን ቁም ነገር በመሆኑ እንደ ፋሻው ፖስተር ላይ አያምርም። በ1987 አክተሩ ሞተ። የትወና ሙያ የነበራት ሚስቱ ለጥቂት ሳምንታት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ በ1991 ደግሞ በብዙ ፊልሞች አብራው የሠራችው ጃያላሊታ ወረሰችው። ሕዝቡ ሥልጣኑ ከስክሪኑ ቤተሰብ እንዳይወጣ ያደረገው ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው።

ይህ የሕንድ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በ1985 ሊባኖስ ውስጥ ታግተው የነበሩ አሜሪካውያን ሲለቀቁ፣ ራሳቸው ተዋናይ የነበሩት ፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን ለንግግር ማይክ ሲፈተሽ፣ ራምቦን ትናንት ማታ እንዳዩና ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው እንዳወቁ ቀልደዋል። እኛም ያንኑ ፊልም ሳንቲም አዋጥተን አይተነዋል፤ ከፕሬዝዳንቱ የሚለየን የጦር መርከብ ማጣታችን ብቻ ነው።

በቀደም ካፌ ተቀምጠን በቴሌቪዥን ስለ አንድ የሩቅ አገር ጦርነት ዜና ይተላለፍ ነበር። ካርታ ታየ፣ የፈረሰ ፎቅ ታየ፣ ፍራሽ የተሸከመች ሴት ታየች። ከጎኔ ያለው ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ግራ ተጋብቶ ወደ እኛ ዞረና «ቆይ ወንድሜ፣ አሁን እዚህ ውስጥ አክተሩ የትኛው ነው?» አለ። አንዱ ነገረው። እፎይ ብሎ ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ።