ሆድ ይፍጀው

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ ሳይበርድ ስልኬ ጠራ። ስሙን የማልጠራው አንድ የጎንደር መሥሪያ ቤት ነው። «ሲስተሙ ደብዳቤ አላወጣም ብሎናል፤ ግን ምንም ስህተት የለበትም» አሉኝ። ይቺን «ግን» ያዙልኝ።

ሄድኩ። ጸሐፊዋ አንድ ቁልፍ ተጫነች። አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ፒዲኤፉ በተሳካ ሁኔታ ተዘጋጅቷል!» ቃለ አጋኖው ሳይቀር። ፋይሉን ልንከፍት ብንል እምቢ አለ። መጠኑን አየሁት። 15 ባይት፣ ከምንም የማይቆጠር። ደህና ፒዲኤፍ ሲጀምር ስሙንና ስሪቱን ይናገራል፤ ሲጨርስም «ፋይሉ እዚህ አበቃ» ብሎ ይሰናበታል። የእኛው «ፒዲኤፍ እባላለሁ» አለና ዝም።

አዶቤ ይህን የፋይል ዓይነት በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ሐሳቡ ሰነድ በየትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነበር። የእኛው ቃሉን ጠብቋል። በዴስክቶፑም፣ በጸሐፊዋ ስልክም፣ በእኔ ላፕቶፕም እኩል ባዶ ነው።

እናም ዛሬ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። ባዶ ካች የምትጽፉ ፕሮግራመሮች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ ስህተት ሲመጣ ይዛችሁ ለማንም ሳትናገሩ የምታሳልፉ፣ እጅ ነስቻለሁ። ጨዋ ናችሁ፤ ገበና ከታች ናችሁ። ፕሮግራሙ መሀል መንገድ ላይ ተሰናክሎ ሲወድቅ ሌላው ቢሆን ኡኡ ብሎ ሰፈር ይሰበስባል። እናንተ ነጠላ ጣል ታደርጉበትና መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ዝም አይነቅዝም ያለው ያገሬ ሰው እናንተን አስቦ መሆን አለበት። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት እንኳ ያን ሁሉ ዓይን አፍጥጠው ቁልቁል ያያሉ። የእናንተ ሎግ ፋይል፣ ፕሮግራሙ የገጠመውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ አይናገርም፣ አያይምም።

ነገሩ ያልገባው ካለ በሰርግ ላስረዳው።

ወሩ ጥር ነው። ጥምቀት ወጥቷል፤ የፋሲል መዋኛ ውሃ ገና አልጎደለም። ከተማው ሰርግ በሰርግ ሆኗል። አንዱ ዳስ አዘዞ ተጥሏል፤ 300 ሰው ተጠርቷል። ጓዳ ውስጥ ወጥ ሠሪዋ ድስቱን ላውርድ ስትል እጇ ከዳትና የ20 ዶሮ ወጥ መሬት ላይ ፈሰሰ። መቼም ትጮሃለች። አትጮህም! ባዶ ካች የተማረች ናት። አመድ ነሰነሰችበት፣ ጠረገችው፣ «ሆድ ይፍጀው» አለች። አሳላፊው ብቅ ብሎ «ደረሰ ወይ?» ሲላት «አሳምሮ!» አለችው።

አሳላፊው መሶቡን ተሸከመ። መሶቡ ያምራል፤ ክዳኑ በጨሌ ተጊጧል። ዳሱ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ያ እልልታ አረንጓዴው ጽሑፍ ነው። ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ባዶ መሶብ ተባረከ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጥበዋል፤ የታጠበ እጅ ደግሞ ምንም አይነካም፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ክዳኑ ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩ። ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ዓይናቸውን ጠርጥረው ልጃቸውን ጠሩት። ልጁ ዘመናዊ ነው፤ «አባባ፣ ዘግተው ይክፈቱት» አላቸው። ዘግተው ከፈቱት። ሌላው «ከሌላ ወንበር ሆነው ይዩት» አለ። ወንበር ቀየሩ። ሦስተኛው መሶቡ አሮጌ ስለሆነ ነው፣ አዲስ ይገዛ አለ። የሙሽራው አጎት ተቆጡ፦ «ትናንት እኔ ቤት ሲቀመስ ወጥ ነበረው!» ይህን ዓረፍተ ነገር ከስንት ፕሮግራመር አፍ ሰምቻለሁ መሰላችሁ።

በመጨረሻ ገበታ የሚያነሳው ልጅ መጣ። የሱ ሥራ ተበላም አልተበላም ገበታ ማንሳት ነው። በፕሮግራም ቋንቋ ፋይናሊ ይባላል። ምስኪኑ መሶቡን ብድግ ሲያደርገው ቀለለው። «ኧረ ይሄ ባዶ ነው!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ሁሉ ሰርገኛ መሀል የጮኸ እሱ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት። ወጡን የደፋው እሱ ሆኖ አረፈው።

እኔም አንድ ቀን ሙሉ ያን ልጅ ስመረምር ዋልኩ። ኮዱን ስከፍት የውጭኛው ካች ባዶ ነው። ይቅርታ፣ ባዶስ አይደለም፤ «እዚህ አይደርስም» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበታል። ስህተቱን ሎግ ላይ እንዲጽፍ አደረግኩት። ወዲያው አፉን ከፈተ፦ «ሰነዱ ምንም ገጽ የለውም።» ተመስገን አልኩና ገጽ ፍለጋ ገባሁ። የገጹን መጠን ነካካሁ፣ ኅዳጉን ነካካሁ፣ ሠንጠረዡን አፍርሼ ሠራሁት። ለካ ይህ ሰነዱ ሲዘጋ የሚሰማ ጩኸት ነው፤ ገበታ አንሺው ነው። ወጡ የተደፋው ከዚያ በፊት ነው።

በማግስቱ የውስጠኛውን ካች አገኘሁት። ካች ውስጥ ካች፣ ሁለቱም ባዶ። እሱንም አናገርኩት። ፎንቱ፣ የፊደሎቹ ቅርጽ ያለበት ፋይል፣ አልተገኘም አለኝ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የአማርኛ ፎንቱን የጠራው ከራሱ ላፕቶፕ ሲ ድራይቭ ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘውን ኒያላን። ፕሮግራሙ የሚሠራበት ሰርቨር ግን የሚሄደው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፤ ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፒዲኤፍ ደግሞ በስም ብቻ የሚጠራቸው 14 መደበኛ ፎንቶች ቢኖሩትም አንዳቸውም ሀ ሁ አልቆጠሩም። ስለዚህ ለአማርኛ ደብዳቤ ፎንቱ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። አስገባሁት። 5 ደቂቃ። ፍለጋው ሁለት ቀን፣ ጥገናው 5 ደቂቃ።

ከባዶ ካች ጸሐፊዎች ቀጥሎ የምስጋና ተራ የሚደርሳቸው አሉ። ስህተቱን ይዞ፣ ዝርዝሩን ጥሎ፣ «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል አዲስ ስህተት የሚወረውረው ሰውዬ አለ፤ ሐኪም ቤት ሄደህ «አሞሃል» ብሎ እንደሚሸኝህ ሐኪም ነው። የስህተቱን ገጽ ራሱን ፒዲኤፍ ብሎ ስም አውጥቶ የሚልክም አለ። ለእሱ ቅኔ ቤት ወንበር ይሰጠው፤ ላዩ ፒዲኤፍ፣ ውስጡ ኤችቲኤምኤል የሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ፣ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን የሚያገኝ ግን የለም።

አሁን ቀልዱን ለአፍታ ልተወው።

ሁለተኛው ቀን ላይ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ጋቢ ለብሰዋል፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። የመጡት ከደባርቅ ነው፣ ለዚያች አንድ ገጽ ደብዳቤ። «ልጄ፣ ማሽኑ ተሻለው ወይ?» አሉኝ። አራተኛ ቀናቸው ነው። አልጋ የሚከራዩት በገዛ ገንዘባቸው ነው። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ነገ ይምጡ» ስትላቸው የከረመችው ክፉ ሆና አይደለም፤ ማሽኑ ተሳክቷል ብሏታላ! እሷም ዋሽታ አታውቅም፣ እሳቸውም ጥፋት የለባቸውም። የዋሸው ያ አረንጓዴ ጽሑፍ ነው፤ ያስዋሸው ደግሞ አንድ መስመር ሎግ መጻፍ የታከተው ሰው ነው። አንድ መስመር! የማታውቀውን ስህተት አትያዘው፤ ተወው ይጩህ። ሳታየው ተሳካ ብለህ አትጻፍ። ይህን ለማለት ሁለት ቀን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የሰነበትኩት። ሰውየው በገዛ አገራቸው ለ15 ባይት አራት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል።

ደብዳቤያቸው ወጣ። ዘቅዝቀውም ገልብጠውም አዩት፤ ማኅተሙን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። መርቀውኝ ሄዱ።

እኔም ከመውጣቴ በፊት ሁለቱን ካቾች እንደማይዘጋ በር ከፍቼ ተውኳቸው። ስህተት ከመጣ ሎግ ላይ ይጻፍ፣ ስክሪኑም ላይ በቀይ ይታይ። ለካስ የፎንቱ ስህተት ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነበር። ሌላ ደብዳቤ ላይ የአርማው ሥዕል የለም፣ ሌላው ላይ ቀኑ ባዶ ነው፣ ሌላው ላይ የአባት ስም ጠፍቷል። ሁሉም ለስንት ጊዜ ታፍኖ የኖረ፣ አሁን ገና አየር ያገኘ።

ትናንት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደወለ። ድምፁ ደስ አላለኝም።

«ወንድሜ፣ ምን አድርገህብን ነው የሄድከው?»

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«አንተ ከነካካኸው ወዲህ ሲስተሙ ስህተት በስህተት ሆኗል። ድሮ አንድም ስህተት አልነበረበትም። እባክህ ና፣ እንደነበረ መልስልን።»