ይድረስ ለላዳዬ የሙቀት ቀስት

ለክቡር የሙቀት ጌጅ ቀስት
ክሩስኮት ላይ፣ ከነዳጅ ጌጁ ጎን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ጩኸትዎና ስለ ዝምታዎ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በእርስዎ ምክንያት ከፍ ዝቅ እያልኩ አለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ቁልፍ ነቅዬ፣ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው። እርስዎ አሁን ግራ ጥጉ ላይ ጋደም ብለዋል። ላየዎት ሰው ጾም የሚያድሩ ባሕታዊ ይመስላሉ።

የተቀመጡባት መኪና ተራ መኪና አይደለችም። ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ ቶልያቲ ከተማ ያለው ፋብሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ሲያወጣ ናሙናው የጣሊያኑ ፊያት 124 ነበር። ስለዚህ ላዳ በእናቷ ሩሲያዊት፣ በአባቷ ጣሊያናዊት ናት። ይህ ለእኛ ጠቅሞናል። የጋራዣችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ስለሆነ ኮፈን፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ካንዴላ ሲባል በአባቷ በኩል ትሰማለች። አባቴ ሰማያዊና ነጭ ቀብቶ ታክሲ ሠርቶባታል፤ አምስት ልጅ አሳድጎባታል። በእሱ ዘመን እርስዎ መሃል ላይ ቁጭ ብለው ሥራዎን ይሠሩ ነበር። አመልዎ የወጣው እኔ እጅ ስትገባ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልዎታል? አራት ኪሎ፣ መብራት ላይ። ወደ ቀኝ ልታጠፍ ፍሬቻ አሳይቼ፣ ፍሬን ይዤ ቆሜያለሁ። ድንገት ብድግ ብለው ቀዩ ውስጥ ገቡ። ደንግጬ ሞተር አጠፋሁ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። ኮፈን ስከፍት ወዲያው አምስት መካኒክ ተሰበሰበ፤ አንዱ ሎተሪ አዟሪ፣ አንዱ ሊስትሮ፣ ሌሎቹ ዝም ብለው መንገደኞች። «ውሃ ጨርሷል።» አልጨረሰም። «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።» የዘይቱን ክዳን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጓርኒሲዮን ማለት ቴስታታው ሥር ሆኖ ውሃና ዘይትን የሚለይ ስስ ገጽ ነው፤ እሱ ተቃጥሎ ውሃ ከዘይት ቢገናኝ ኖሮ ማኪያቶ መስሎ በታየ ነበር። ዘይቴ ጥቁር ቡና ነበር። ሊስትሮው ብቻ «ጋሼ፣ ምንም አልሆነችም» አለ። እሱን መስማት ነበረብኝ።

እኔ ግን ሰው ተው ሲለኝ የምሰማ ስላልሆንኩ ጋራዥ ወሰድኳት። በእርስዎ ምስክርነት ብቻ ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ። የውሃው ፓምፕ ተቀየረ። ቺንጋው ተቀየረ። በመጨረሻ መካኒኩ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ ለውሃው የሚከፈተውንና የሚዘጋውን በር፣ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና «ይሄ ለብርድ ሀገር የተሠራ ነው፤ እኛን ምን ያደርግልናል?» አለ። በቦታው ሦስት አፍ ያለው ባዶ ቱቦ አስበይዶ ገጠመበት።

ቴርሞስታቱን ቤት ወስጄ ድስት ውስጥ ጣድኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ጤነኛ ቴርሞስታት ከዚያ ቀድሞ፣ 80 አካባቢ ላይ መከፈት ይጀምራል። አጎንብሼ በአፉ ውስጥ እያጮለቅሁ ሳለ ባለቤቴ መጣች።

«ምን እየቀቀልክ ነው?»

«ላዳ።»

ምንም ሳትል ወጣች። ውሃው ሳይንተከተክ የቴርሞስታቱ ምላስ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጤነኛ ነው! ለመካኒኩ ደውዬ ስነግረው «አሁን አንዴ ተገጥሟል፣ ተወው» አለኝ። ተውኩት። ይህቺን «ተውኩት» ያስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ከሚሠራበት ፋብሪካ የሙቀት መለኪያ ሽጉጥ አዋሰኝ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረው ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ግን ለብረት ነው። እርስዎ ቀዩ ውስጥ ገብተው ሲያጓሩ ወርጄ ቴስታታው ላይ ደገንኩ። 84! ደገምኩ። 84! እንዲህ ያለ ሞተር እንኳን ሊቃጠል ገና ቁርሱን እየበላ ነው። ተመልሼ ገብቼ ዓይን ዓይንዎን አየሁዎት። አላፈሩም።

(ጎረቤቴ ቮልስ አለው። ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ፣ እርስዎን የመሰለ ቀስትም የለ። ሰውየው ጠዋት እያፏጨ ነው የሚወጣው። በእርስዎ የተነሳ ከሰው ጋር በፉጨት ተቀያይሜያለሁ።)

ከሽጉጡ በኋላ ናቅሁዎት። ሲነሱ ዘፈን ከፍ አደርጋለሁ። ጥር ደረሰ። ደብረ ማርቆስ የዘመድ ሠርግ ነበረብን፤ አክስቴን ከነድፎ ዳቧቸው ጭኜ ወጣሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሰላም ነበር። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንጀምር ብድግ አሉ። እንደ ልማድዎ ነው ብዬ ተውኩዎት። ግን ዓባይ በረሃ አይናቅም፤ ለማንኛውም አባቴ ያስተማረኝን አደረግሁ። የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ማሞቂያ ማለት ትንሽ ራዲያተር ናት፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ትስባለች። የላዳ ማሞቂያ ደግሞ ለሩሲያ ክረምት የታሰበ ነው። ውጭው እሳት፣ ውስጡ እሳት። አክስቴ ነጠላቸውን አውልቀው እየተራገቡ «ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ።

ትንሽ እንደሄድን ቀስ ብለው ወረዱ። ከቀዩ ወጡ፣ መሃሉን አለፉ፣ ግራ ጥግ ሄደው ተኙ። በዚያው ቅጽበት ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር መጣ። አክስቴ «እሰይ፣ እመቤቴ ሰማችኝ!» አሉ። እኔም መሪውን መታ መታ አድርጌ አመሰገንኩ።

አንቱታው እዚህ ላይ ያበቃል።

አንተ! የወረድከው ሞተሩ ስለቀዘቀዘ አልነበረም። ውሃው ስላለቀ ነው! ቴስታታው ላይ ያለችው ሴንሰር የምታውቀው ውሃ ሲነካት ነው፤ ውሃው ሲሄድ ባዶ እንፋሎት ውስጥ ቀረች፤ አንተም ጋደም አልክ። ማሞቂያውም የቀዘቀዘው የሚያዞረው ውሃ አጥቶ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በከንቱ ጮኸህ፣ እሳቱ ሲመጣ ተኛህ። መንደር ውስጥ ሌባ ሲገባ የሚያንኮራፋ ዘበኛ አይቻለሁ፤ ሌባ በሌለበት ግን ሲጮህ አያድርም።

ያወቅነው በጠረኑ ነው። ከዚያ ነጭ እንፋሎት ከኮፈኑ ጠርዝ ወጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኋላ የመጣ የከባድ መኪና ረዳት ዘሎ ወርዶ «ክዳኑን እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸብኝ። አንድ ሰዓት ያህል የግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን ድፎውን በላን፤ የሠርጉ ነበር። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ረዳቱ ከጀሪካኑ ቀስ እያለ ጨመረልን። የላዳ ሆድ ከነማሞቂያዋ ወደ 10 ሊትር ይይዛል። ያን ቀን 7 ሊትር ጠጣች።

አሁን ወደ «ተውኩት» ልመለስ። የላዳ ቴርሞስታት በር ብቻ አይደለም፤ ትራፊክ ፖሊስም ነው። ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ ዘግቶ ውሃውን በራዲያተሩ በኩል ያሳልፋል። እሱ ተነቅሎ ባዶ ቱቦ ሲገባ ግን ግማሹ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። ዳገት ላይ ይታወቃል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክም አልቆ ነበር፤ ግፊቱን ካልያዘ ውሃው ቶሎ ፈልቶ ይወጣል። ራዲያተሩን ያጠበ፣ ፓምፑን የቀየረ ሰው ሁሉ ያን ክዳን በእጁ ይዞታል፤ ገልብጦ ያየው የለም። ያልነበረውን በሽታ አንተ አወራህ፣ እኛ አከምን፣ ሕክምናው በሽታውን አመጣው።

ቴስታታው ተጣሞ ቶርኖ ቤት ገባ። ዘይቱ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ማኪያቶ ሆኖ ነበር። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ደብዳቤ ታነባለች።

ሁሉም ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ልጅ መጣ። የሴንሰሯን ሽቦ ነቀለ፤ ወደቅህ። ሽቦውን ከብረት አነካካ፤ ቀዩ ድረስ ዘለልክ። «ቀስቱም ሽቦውም ጤነኛ ነው» አለ። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ እስቲ መብራት ያብሩ» አለኝ። አበራሁ። ከፍ አልክ። «ፍሬን ይያዙ።» አሁንም ከፍ። «ፍሬቻ።» ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር አብረህ እስክስታ ወረድክ!

ሞተር በፍሬቻ አይሞቅም። አራት ኪሎ መብራት ላይ ፍሬቻ አሳይቼ፣ ፍሬን ይዤ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ልጁ ክሩስኮቱን ፈታ፣ ከጀርባው ያለውን የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናዋ ብረት የሚመለስበትን) አወጣ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ብሎኑን አጠበቀ። አሥር ደቂቃ። የሻይ ሰጠሁት።

አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ክዳን ተገጥሟል። አንተም ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብለህ በሥርዓት ተቀምጠሃል፤ ፍሬቻ ሳሳይ አትነቃነቅም። ግን ሽጉጡን አልመለስኩም። መቀመጫዬ ሥር ነው።

የላዳዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለነዳጅ ጌጅ
(ከመስከረም ጀምሮ ግማሽ ላይ ነህ። ያንተን ደብዳቤ እያረቀቅሁ ነው።)