ቡፌ ላይ የቆመው ጠርሙስ

ለሠርጋችን አንድ የባለቤቴ ዘመድ ያበረከቱልን የወይን ጠጅ ነበር። በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ፤ አንገቱ በቀይ ሰም የታሸገ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ጠርሙስ ነው። ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹና ከፎቶግራፎቹ መካከል ቆሞ 14 ዓመት ኖረ። አቧራው በየበዓሉ ይጠረጋል፣ እንግዳ ያደንቀዋል፣ ቤት ስንቀይር ባለቤቴ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ሄደች። የመጀመሪያ ልጃችን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፈች ዕለት በእልልታ ከፈትነው። ቡሹ ተፈርፍሮ ወጣ። የተቀዳው መልኩ ቡናማ፣ ሽታው ኮምጣጤ። ባለቤቴ ለሰላጣ ይሆናል ብላ አስቀመጠችው፤ ለሰላጣም አልሆነ።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ የሌለበት የከተማ ቡፌ ጥቂት ይመስለኛል። «የወይን ጠጅ ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ የሰማነው ግን ግማሹን ነው። ለዓመታት እንዲቆይ ታስቦ የሚጠመቀው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው በተሠራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። የሚቆየውም ቢሆን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ተጋድሞ ነው የሚቆየው። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቡሹ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አየር ያስገባል። እኛ ደግሞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ አቁመን ዓመት እንቆጥርለታለን።

ለምን አንከፍተውም? ስስት አይደለም፤ ቤታችን ውስኪም ቢራም ይከፈታል። እኔ እንደማየው ፍርሃት ነው። የወይን ጠጅ የሌላ ሰው ነገር፣ ሳያውቁ ቢነኩት የሚያሳፍር ነገር መስሎናል። አንድ ጊዜ ደኅና የሚባል ምግብ ቤት ወዳጆቼን ጋብዤ አስተናጋጁ ጠብታ ቀዳልኝና በአክብሮት ቆሞ ጠበቀኝ። ወይኑ ለብ ያለ ነበር፤ ተከፍቶ እንደሰነበተም አፌ ነግሮኛል። እኔ ግን በትልቅ ሰው ድምፅ «ጥሩ ነው» አልኩ። አምስታችንም ያንን መጥፎ ነገር እስከ ታች ጠጣነው። ለካስ ያ ጠብታ የሚቀዳው የተበላሸ እንደሆነ እንድንመልስ ኖሯል፤ እኔ ለፈተና የቀረብኩ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው መቅመስ የእኛ የቆየ ሥርዓት መሆኑ ነው። ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር። ፈረንጆቹ ፍርዱን ለእንግዳው ሲሰጡ እኛ ኃላፊነቱን የጣልነው በቀጂው ላይ ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ ተብሎ ሲጠየቅ የሚደናገር ሰው አላየሁም፤ ያው ሰው ግን የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ «ደረቅ» የሚል ሲያነብ ይጨነቃል። ቡና ሲቆላስ? ጭሱ በየእንግዳው ፊት ይዞራል፣ በእጃችን ወደ አፍንጫችን እንስበዋለን፣ አንድ ጥሩ ቃል ሳንናገር አናልፈውም። መጀመሪያ ማሽተት፣ ቀጥሎ መናገር፣ ከዚያ መጠጣት፤ የወይን ጠጅ ቀማሾች በትምህርት ቤት የሚማሩት ይህንኑ ነው። ደግሞስ ስሙን ልብ ይሏል። የወይን ፍሬ ጠጅ ብለን የሰየምነው ከዘመዱ ጋር አስጠግተን ነው፤ አሁን ግን እንደ ባዳ እናየዋለን።

ዘንድሮ ጥር 12 ቀን፣ ቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ዘመዶቼን ሰብስቤ ሞከርኩት። ቀኑን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በወንጌሉ ታሪክ የሰርጉ አሳዳሪ ወይኑ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ቀምሶ መልካምነቱን መሰከረ። እኔም አራት ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቁጥር ጻፍኩባቸው። አንዱ በ1930ዎቹ ከተመሠረተው ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የመጣው ቀዩ ጉደር ነው። ሌላው የዚያው ቤት ጣፋጭ፣ አክሱማይት። ሦስተኛው ከዝዋይ፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ከሐይቁ አካባቢ ወይን ተክሎ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ካቀረባቸው መካከል ሲራህ ከሚባለው ዘር የተጠመቀው። ያ እርሻ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ይህን ስናገር ልጆቹ ከወይኑ ይልቅ ጉማሬውን ወደዱት። አራተኛው አንዲት ወዳጃችን ከደቡብ አፍሪካ ያመጣችልን ነው።

የእህቴ ባል ለዓመታት አውሮፓ ኖሯል፤ ቁጥር ሁለትን ገና አፉ ሳያደርሰው «ይህ የውጭ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። በምን አወቅህ ሲባል ግን ትከሻውን ነቀነቀ። አክስቴ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተው በድካም ገብተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ የጠመቁ ሴት ናቸው። «እኔ የፈረንጅ ነገር ምን አውቄ» ብለው ቢያንገራግሩም ከዚያው ከቁጥር ሁለት አንድ ሲኒ ቀዳሁላቸው። አሸተቱት፤ ደግመው አሸተቱት።

«ይኼ ጋኑ ታጥኗል» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋዜጣውን ስንገልጠው የጠርሙሱ ጀርባ ላይ ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል 12 ወር መቆየቱ ተጽፏል። የኦክ በርሜል ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል፤ የጭስና የእንጨት ሽታው ወደ ወይኑ ይገባል። አክስቴ ጋን በግራዋ አጥበው በወይራ ሲያጥኑ የኖሩ ስለሆኑ ይህ ለእርሳቸው አዲስ እውቀት አልነበረም። አማቻችን የውጭ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አክስቴ ምክንያቱን። እኔ ለመማር የምመርጠው ከየትኛው እንደሆነ መናገር አያሻም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተከፈተ። ስለ ዝዋዩ አንዱ «አፍ ያጨማድዳል» አለ፤ ትክክል ነው፤ በጣም የፈላ ሻይ ምላስ የሚይዘው በዚያው ነገር፣ በታኒን ነው፤ እዚህ የሚመጣው ከወይኑ ልጣጭና ዘር ነው። ሌላዋ «የበሰለ እንጆሪ» አለች። የአሥራ ሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ማሽተት ብቻ ተፈቅዶለት «ዝናብ የነካው አፈር» ብሎ ሁላችንንም አስናቀን። ማንም አልተሳሳተም ማለቴ አይደለም፤ ጉደርን «ኮካ ኮላ» ያለም ነበር።

ስለ ምግቡ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ዶሮ ወጥን ከደረቅና ጠንካራ ቀይ ወይን ጋር ማቅረብ ስህተት ነው። አልኮሉ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፣ ታኒኑም ያብስበታል፤ ምላስ እሳት ይሆናል። በርበሬን የሚያበርደው ጣፋጭነት ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ከዶሮው ጋር ያሸነፈው፣ አዋቂ ነን ባዮች የሚንቁት አክሱማይት ነበር፤ ለዚያውም ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ። ለስላሳ ጠጅ ከቀይ ወጥ ጋር ተስማምቶ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የዝዋዩ ቀይ ቦታው ከጥብሱና ከጥሬ ሥጋው ጎን ሆነ፤ ሥጋና ስብ ታኒኑን ያለዝቡታል። አልጫ ላይ ነጭ ወይን ቢኖረን መልካም ነበር፤ አልገዛሁም፤ ለፋሲካ ይታሰብበታል።

ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለመቅመስ ለሰው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ የአንድ ቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ 15 ሰው ያዳርሳል። እግር ያለው ብርጭቆ ከሌለ የሻይ ብርጭቆም ይሆናል፤ ሽታ የሚሰበሰብበት ክፍተት እንዲኖር እስከ አፉ አለመሙላት ብቻ ነው። የተረፈው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ለሦስት ቀን ያህል ይቆያል።

መጠኑን በሲኒ የለካሁት ለቁጠባ ብቻ አልነበረም። ቢራችን አምስት በመቶ አካባቢ አልኮል ሲኖረው የወይን ጠጅ ከ12 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል፤ በቢራ ብርጭቆ እየሞሉ «ጨልጠው» ማለት ቅምሻውን ገድሎ እንግዳውን ማስከር ነው። በእኛ ግብዣ «በሞቴ» የሚባለው ነገር ለእንጀራ ይሁን፤ እዚህ ጋ ይቅር። ሁለት የአክስቴ ልጆች በሃይማኖታቸው ምክንያት አይጠጡም፤ ብርዝ አዘጋጅተንላቸው እነርሱም ስለ ማሩ ይከራከሩ ነበር፤ የወለጋ ነው፣ የጎጃም ነው እየተባባሉ። መኪና የያዘው ወንድሜም ከብርዙ ወገን ሆነ።

ማታ ሲሄዱ አክስቴን የትኛውን እንደወደዱ ጠየቅኳቸው። «ያንን ጋኑ የታጠነውን» አሉ። ያ አልቆ ስለነበር ሱቅ ፈልጌ በኦክ በርሜል የቆየ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ በሳምንቱ ላክሁላቸው፤ ሳይቆይ፣ ከሰው ጋር እንዲቀምሱት አደራ ብዬ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጠርሙሱ ቡፌው ላይ ቆሟል። ዳንቴል አልብሰውታል።

«ለልጅህ ምርቃት ነው» አሉኝ።